ነጩን ቅቤ መረጥሁ

የባለቤቴ ዐርባ በወጣ በሳምንቱ ታላቅ ወንድሙ፣ ዋርሳዬ፣ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው ዓባይ ማዶ ካለው ቤቴ መጡ። ነፍስ ይማር ብለው ተቀመጡ። ያቀረብሁላቸውን ጠላ ተጎነጩ። ስለ መንገዱ መዘጋትና መከፈት ጥቂት አወሩ። ከዚያ ዋርሳዬ ጋቢያቸውን አስተካከሉና የመጡበትን ነገር ጀመሩ።

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ያለው ኬክ ቤታችን የቆመው የባለቤቴ አባት ለሁለቱ ልጆቻቸው በተዉላቸው ቦታ ላይ ነው። ግድግዳው የወንድማማቾቹ ነው። ምድጃውና ሥራው ግን የባለቤቴ ብቻ ነበር።

«እህቴ፣ ሙያው ከሱ ጋር ተቀብሯል» አሉኝ። «አንቺ አስተማሪ ነበርሽ፤ ጡረታሽ አለ። ቤቱን ለተከራይ እንስጠውና ሐዘንሽን በወጉ ተቀመጪ።»

«ጋሼ፣ የተቀበረው እሱ ነው። የኔ እጅ አልተቀበረም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«እጅሽ የለመደው ጠመኔ ነው» አሉ ዋርሳዬ።

ግማሹ እውነት ነበር። ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ግን ከክፍል ስወጣ የማርመውን ደብተር ተሸክሜ የምሄደው ወደ ሱቁ ነበር። ሊጥ መዳመጥ፣ ማጠፍ፣ ማሳረፍ፣ እንደገና መዳመጥ ከሱ ጎን ቆሜ ተምሬአለሁ። የክሮሳንት፣ የዚያ ተነባባሪ የፈረንጅ ዳቦ፣ ነገር ይኸው ነው። የተዘረጋ ቅባት በሊጥ ይሸፈንና ይዳመጣል፤ እንደ ደብዳቤ ለሦስት ይታጠፋል፤ እንደገና ይዳመጣል። ሊጡና ቅባቱ ሳይቀላቀሉ እየሳሱ ይነባበራሉ፤ እሳት ሲያገኛቸው ቅጠል ቅጠል ሆነው ይለያያሉ። ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቅቤ መምረጥ።

እሱም አያውቅም ነበር። በቅቤ አይሠራማ። ከተማው ሁሉ እንደሚያደርገው በማርጋሪን ነበር የሚሠራው። ማርጋሪን ከአትክልት ዘይት ስለሚወጣ ጾም ነው፤ ረቡዕም ዓርብም፣ በሑዳዴም በፍልሰታም ይሸጣል። የባሕር ዳርን ሙቀትም ይችላል። ባለቤቴ ግን «ሰም» ይለው ነበር። «ፀሐይ ላይ አይቀልጥም፤ ምላስ ላይም አይቀልጥም» ይላል። ስለዚህ በየዓመቱ ለፋሲካ ጠዋት፣ ጾሙ ሲፈታ፣ አንድ ትሪ በእውነተኛ ቅቤ ይሞክራል። በየዓመቱም ቅቤው በጎን ይፈስና ክሮሳንቱ በገዛ ቅባቱ ይጠበሳል። ስቀን እንበላው ነበር። «ለከርሞ ይወጣል» ይላል፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ። ከርሞው መጣ፤ እሱ ግን አልነበረም።

ይህ ሁሉ በሽማግሌዎቹ ፊት በአንዴ ትዝ አለኝ። እንዲህም አልሁ፤

«ለፋሲካ ጠዋት እሱ ሲመኘው የኖረውን ክሮሳንት፣ በእውነተኛ ቅቤ ጋግሬ፣ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ አቀርብልዎታለሁ። ካልወጣልኝ ቁልፉን ከሳህኑ አጠገብ ያገኙታል።»

«ማይልኛ።»

«የቄስ ልጅ አትምልም፣ ጋሼ። ብያለሁ ካልሁ ብያለሁ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እስከ ፋሲካ ይጠበቅ ተባለ። ሲወጡ ዋርሳዬ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «እሱ ሃያ ዓመት ያቃተውን» አሉና ሳይጨርሱት ሄዱ።

በሩን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ያልሁትን ለመመለስ ፈልጌ አላውቅም።

ባለቤቴ የሥራውን ነገር የሚጽፈው እኔ ከትምህርት ቤት ባመጣሁለት ደብተር ላይ ነው፤ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት። ከዱቄት ብዛት ገጾቹ ይንኮሻኮሻሉ። ስለ ቅቤ የጻፈውን ፈልጌ አገኘሁ። ባለፈው ፋሲካ ማግስት የጻፈው ነው፤ «ቅቤ፦ ከሐይቁ ዳር። ቢጫው። ሽታው ቤት የሚሞላው። ሌላ አይሆንም።» የመጨረሻውን ቃል ብዕሩን ተጭኖ ነው የጻፈው፤ በጀርባ በኩል በጣት ሲዳሰስ ይሰማል። እኔ ኑዛዜ አደረግሁት።

ሑዳዴ ገባ። በሑዳዴ ገበያው ቅቤ በቅቤ ነው። ክርስቲያኑ ስለማይበላው ይከማቻል፤ ብልህ ሴት ለፋሲካ የሚሆናትን ያን ጊዜ ትገዛለች። እኔም ጥቁር ልብሴን ለብሼ፣ የተላጨ ራሴን ሸፍኜ፣ ቅቤ ተራ ወረድሁ። ሐዘንተኛ ሴት ቅቤ ተራ አትታይም፤ ቅቤ የደስታ ነው፤ ለራስም ለወጥም። አንዲት የማውቃት ሴት እንድሰማት አድርጋ ለጓደኛዋ፣ «ዓመት እንኳ ሳይሞላው ልትቀባ ነው» አለች።

ዘወር ብዬ፣ «የተላጨ ራስ ቅቤ አይጠጣም፣ እመቤት። ለሊጥ ነው» አልኋት።

«በሑዳዴ?» አለች።

አለፍኋት።

ቅቤ የምገዛው ከወረታ የነጋዴ ቤተሰብ ከሆነች ሴት ነው። እስላም ናት። ሁለቱን ልጆቿን አስተምሬአለሁ፤ እሷ ግን አስተማሪ ብላ ጠርታኝ አታውቅም፤ «የቄስ ልጅ» ነው የምትለኝ። የዚያን ዓመት ረመዷንና ሑዳዴ ተገናኝተው ነበር። እኔ ኀምሳ አምስት ቀን ቅቤ በአፌ አይዞርም። እሷ ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃም አትቀምስም። ቢጫውን፣ የሐይቁን ዳር ቅቤ፣ በኮባ ቅጠል ላይ ዘረጋችልኝ። ሁለታችንም አጎንብሰን አየነው።

«እና ማን ይቅመሰው?» አልሁ።

«ዝንቡ» አለች።

እኛ ሴቶች ቅቤ ስንመርጥ መጀመሪያ እናሸታለን። የመግፊያው ቅል በወይራ የታጠነ እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያ በጥፍር ቆንጥረን የእጃችን ጀርባ ላይ እናሸዋለን፤ ቶሎ ገብቶ ቆዳውን ካወዛው ጥሩ ነው እንላለን። መጨረሻ በምላስ። እናቴም፣ የእናቴም እናት እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ምላሱ ቢቀርም በሁለቱ ተማምኜ፣ ከሁሉ የሚሸተውን፣ ከሁሉ ቶሎ እጄ ላይ የቀለጠውን መረጥሁ። ደብተሩም ይህንኑ ነው ያለኝ።

የሞከርሁት በቤቴ ነው። ሱቁ በጾም የጾም ነገር ብቻ ስለሚሸጥ የቅቤ ሽታ ከገባበት ደንበኛ ይሸሻል። እቤት ትንሽ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ አለችኝ። ቅቤውን በሊጥ ሸፍኜ መዳመጫውን ሳሳርፍበት ከታች እንደ ጭቃ ሸሸ። በሁለተኛው እጥፋት በሊጡ አልፎ ጣቴን ቀባው። ስጋግረው ትሪው ኩሬ ሆነ። ያን ሁሉ ዓመት ከባለቤቴ ጋር እየሳቅሁ የበላሁት ነገር እፊቴ ነበር። አሁን መሳቅም መብላትም አልቻልሁም።

ሽታው ግን ተሰማ። ወይራ የታጠነ ቅቤ፣ በሑዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ ከቄስ ልጅ ቤት! ጎረቤቴ በአጥሩ ማዶ ሦስት ጊዜ ሳለች። በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቴ መጡ። በበሩ ከገቡ ጀምረው ያሸቱ ነበር።

«ልጄ፣ የጎረቤትሽ አፍንጫ ጾም አልያዘም» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሽማግሌዎቹን፣ ያልሁትን፣ የፈሰሰውን ቅቤ። ሰሙኝ። መጨረሻ ላይ፣ «አባ፣ ቀምሼ ብተፋውስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የምትተፊውም ከሆነ አትጠይቂኝ፤ የምትውጪውም ከሆነ አትጠይቂኝ» አሉ። ከዚያ መስቀላቸውን አሳለሙኝና ሲነሡ፣ «ጋግሪ። አትቅመሺ። ለአፍንጫዋ እኔ እነግረዋለሁ» አሉ።

ስለዚህ ጋገርሁ። ቅቤው ሲጋገር ትሪው ላይ ስለተንጣጣ ጥፋቱ ውኃው ነው አልሁ። የኛ ቅቤ ውስጡ አሬራ ይቀርበታል። እንደ ማንኛዋም ባለሙያ አነጠርሁት። ውኃው ወጣ፤ ቅቤው ሲረጋ ግን እንደ ገብስ ቅንጬ ፍሬ ፍሬ ሆነ። መዳመጫው ሲያርፍበት ይሰባበራል፤ ሲሞቅ ደግሞ ዘይት ነው። የተጋገረው ነገር ቅጠል አልነበረውም። ያን ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ለቅቤ ነጋዴዋ፣ ለወረታዋ፣ ወሰድሁላት። በተምር አፈጠረች፤ ውኃ ጠጣች፤ ቀጥላ የኔን ቆርሳ በዝግታ አኘከች።

«እንዴት ነው?» አልኋት።

«አምባሻ ነው» አለች። «ጥሩ አምባሻ ነው፣ እውነቴን ነው። ምናለበት አምባሻ ብትሸጪ?»

ሌላ ጊዜ ቢጫውን ፍሪጅ ውስጥ ድንጋይ እስኪሆን አቆየሁት፤ ሊጡን ቀደደው። ሌላ ጊዜ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ቅቤውም ሊጡም ኮመጠጡ። አራት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ድልድዩን በባጃጅ ተሻግሬ ሱቁን እከፍታለሁ፤ ቦምቦሊኖና የጾም ኬክ እሸጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ቅቤ አበላሻለሁ።

አንድ ጠዋት ዋርሳዬ ሜትር ከያዘ ሰው ጋር ሱቁ መጡ። ሰውየው የስልክ መሸጫ ሊከፍትበት ያሰበ ነው። ምድጃው ያለበትን ግድግዳ መለካት ጀመረ።

«ፋሲካ ገና ነው፣ ጋሼ» አልሁ።

«መለካት ምን ይጎዳል?»

«ምንም። ይለኩ። ግድግዳው የትም አይሄድም፤ እኔም እንዲሁ።»

ሰውየው ሜትሩን ይዞ ቆመ። ማንኛችንን እንደሚሰማ አላወቀም። ዋርሳዬ፣ «ቀጥል» አሉት። ቀጠለ። ምድጃው ጋ ሲደርስ ግን ከምድጃው ፊት ቆሜ ስለነበር ያንን በዓይኑ ገምቶ ጻፈ።

ዒድ ባለፈ በሳምንቱ ቅቤ ተራ ስሄድ ወረታዋን ሰላም ለማለት እንኳ አቅም አልነበረኝም። ቢጫውን ልትመዝንልኝ ስትነሣ ከኋላዋ፣ ከጆንያ ሥር፣ ነጭ ነገር አየሁ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«እሱ አይሆንሽም። የጭድ ቅቤ ነው። መንገድ የተከፈተ ዕለት ከማክሰኝት በኩል የመጣ። ማንም አይጠይቀኝም፤ አይሸት፣ አይወዛ። ሴቶቹ ሳሙና ይሉታል።»

«የጭድ ማለት?»

አየችኝ፤ የቄስ ልጅ ብዙ አታውቅም እንደምትል። «እዚህ ሐይቁ ሲሸሽ ላሞቹ እየተከተሉት ይወርዳሉ» አለች። «በበጋም ለምለም ሣር አለ፤ ደንገል አለ። የለምለም ቅቤ ቢጫ ነው፤ እንደ ሞልቃቃ ልጅ ዓይን ሲያዩት ይቀልጣል። እዚያ ማዶ በዚህ ወር አረንጓዴ ነገር የለም። ላሟ ጭድ ነው የምትበላው። ቅቤዋም እንደሷ ነው፤ ነጭ፣ ደረቅ፣ ነገር የማይገባው።»

አውራ ጣቴን ጫንሁበት። አልሰመጠም። ቁራሹን በሁለት እጄ ይዤ ጎበጥ አደረግሁት። አልተሰበረም፤ ጎበጠ። እጄ ይህን ያውቀዋል። ከክፍል ወጥቼ በመጣሁ ቁጥር ከመዳመጫ ሥር ስገፋው የኖርሁት ማርጋሪን እንዲህ ነበር እጄን የሚገፋው።

ሳልገዛ ሄድሁ። ወረታዋ ከኋላዬ፣ «ምን አደረግሁሽ?» ስትል ሰማሁ።

ቤት ገብቼ ደብተሩን ከፈትሁ። «ቢጫው። ሌላ አይሆንም።» ቀኑን ሙሉ እፊቴ ተዘርግቶ ዋለ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣሁት። በየዓመቱ ሲፈስብህ ለምን ሌላ አልሞከርህም? ምን አውቀህ ነው ብዕር ተጭነህ የጻፍኸው? መልሱን እኔው አውቀው ነበር። ባለቤቴ የሐይቅ ዳር ልጅ ነው። እናቱ ቅቤ ስትገፋ ቅሉን በወይራ ታጥን ነበር፤ ሲናገረው ድምፁ ይለወጥ ነበር። ሽታው ቤት የሚሞላው ያለው የሷን ቤት ነው። ቅቤውን የመረጠው በናፍቆት እንጂ በእጁ አልነበረም። እኔም ያን ሁሉ ሳምንት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እሱ እናቱን ሲያሸት፣ እኔ እሱን ሳሸት፣ ሁለታችንም ሊጡን አላየነውም።

እሱን ማልቀስ ግዴታዬ ነው። ከሱ ጋር መሳሳት ግን ግዴታዬ አይደለም። ይህን ለራሴ ጮክ ብዬ ተናገርሁት፤ ባዶ ቤት ውስጥ ደግ አይደለም ይላሉ፤ ቢሆንም ተናገርሁት። በማግስቱ ሄጄ ነጩን ገዛሁ።

ሲነጋጋ፣ ከሐይቁ ነፋስ በሚመጣበት ሰዓት፣ መስኮቱን ከፍቼ ሠራሁ። ቅቤውን በቀዝቃዛ ውኃ አጠብሁት፤ ውኃው ነጭ ሆነ፤ ደፋሁ፤ እንደገና አጠብሁት፤ ውኃው ጠርቶ እስኪታይ ድረስ። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥሬ ጨመቅሁት። ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ እያሸሁ የቀረውን ጠብታ አወጣሁ፤ ጥቂት ጨው ጨመርሁበት። ዘርግቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥሁት። ሲወጣ ሊጡና ቅቤው እኩል ጠንካራ፣ እኩል ለስላሳ መሆናቸውን በጣቴ ለካሁ። መዳመጫው ሄደ። ቅቤው ከሊጡ ጋር አብሮ ሄደ። አልቀደመም፣ አልቀረም።

የሆሳዕና ዋዜማ ነበር። ከመጋገሪያው ያወጣሁትን በቢላ ስሰነጥቀው ውስጡ የማር እንጀራ ይመስላል። ጣቴን እንዳልልስ እጄን ታጥቤ ወደ ኋላዬ አደረግሁ። ለወረታዋ ወሰድሁላት። የመጀመሪያውን እስከ ፍርፋሪው በላች።

«እህ?»

«ሁለተኛ ስጪኝ።»

ሁለተኛውን ጨርሳ ከንፈሯን ጠራረገች። «ጨው ይጎድለዋል» አለች። «አንቺ ስለማትቀምሺ አላወቅሽም። ትንሽ ጨምሪ።» ከዚያ ወደ ጆንያው ዞረች። «ከነጩ የቀረው ለአንድ ጊዜ ነው። መንገዱ እስከ ፋሲካ አይከፈትም ይላሉ። እንዳታበላሺው።»

በሰሙነ ሕማማት ቅቤ አልነካሁም። ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ከረምሁ። ግንባሬ መሬት ሲነካ ሁሉ ግን ስለ ጨው አስብ እንደ ነበር ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ፤ ያን ለመጻፍ አላፍርም።

ቅዳም ሥዑር ጠዋት ቄጠማዬን ራሴ ላይ አስሬ የመጨረሻውን ቅቤ አጠብሁ፤ ጨውንም ካለፈው አበዛሁ። ሊጡን አቡክቼ፣ ቅቤውን ሸፍኜ፣ ሁለት ጊዜ አጠፍሁት። ሦስተኛውን ከማጠፌ በፊት እንዲያርፍ ፍሪጅ ውስጥ ከተትሁት። በዘጠኝ ሰዓት መብራት ጠፋ። ሙቀቱ የሚያቃጥል ነበር። ፍሪጁን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፣ እንደገና ከፈትሁ፤ ይህ እንደማይጠቅመው እያወቅሁ።

ከጓሮ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ የቆየ እንስራ አለኝ። አጠብሁት፤ ጆንያ በውኃ ነክሬ ዙሪያውን ጠመጠምሁበት። ሊጡን በላስቲክ አሽጌ ውስጡ አስቀመጥሁና አፉን ከደንሁ። ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውኃ አርከፈክፍበታለሁ፤ ነፋሱ ጆንያውን ሲያደርቅ ሸክላው ይቀዘቅዛል። እስኪመሻሽ እንዲህ አደረግሁ። ቢጫው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ በእንስራው ቂጥ ላይ ወጥ ሆኖ አገኘው ነበር። ስከፍተው ሊጡ ቅዝቃዜውን እንደያዘ፣ ቅቤውም በቦታው እንዳለ ነበር። ሦስተኛውን አጠፍሁ፣ ቆራርጬ ጠቀለልሁ፣ ተመልሶ እንስራው ገባ።

ሊነጋጋ ሲል፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ነጭ ለብሰው ወደየቤታቸው ሲገቡ፣ በጨርቅ የሸፈንሁትን ትሪ ጉልበቴ ላይ አድርጌ በባጃጅ ድልድዩን ተሻገርሁ። የሱቁ ምድጃ በእንጨት ስለሚሠራ መብራት አይጠብቅም። ምድጃውን ባለቤቴ እንዳሳየኝ አሟሟቅሁት፤ ይህ በደብተሩ ውስጥ የለም፤ ይህን ከክንዱ ነው የተማርሁት። አስገባሁት። በምድጃው በር ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ክሮሳንቶቹ ሲነሡ አየኋቸው፤ አንድ በአንድ፣ ቅጠል በቅጠል። በትሪው ላይ ቅቤ አልፈሰሰም።

ሽታው መጣ። የወይራ አይደለም፤ የማንም እናት ቤት ሽታ አይደለም። የወተት ሽታ ነበር።

ዋርሳዬ እስኪመጡ አልጠበቅሁም። ቁርሱ የኔ ነበር። አንዱን አንሥቼ ቆሜ በላሁት። ከኀምሳ አምስት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ቅቤ። ቅርፊቱ ተሰበረ፣ ውስጡ ተሳበ፣ ቅቤው ምላሴ ላይ ቀለጠ። ሰም አልነበረም። አለቀስሁ፤ እያለቀስሁም ሌላ ጨመርሁ።

እሳቸው ረፋድ ላይ መጡ፤ አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሰው።

«እንኳን አደረሰሽ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ጋሼ። ይቀመጡ።»

ሳህኑን አቀረብሁ። ፈራጁ እሳቸው ናቸውና እንዳልሁት ቁልፉንም ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥሁ። ቁልፉን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ክሮሳንቱን አንሥተው ገመጡ። ቅርፊቱ ጋቢያቸው ላይ ተበተነ። አኝከው እስኪውጡ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«እሱ እንዲህ አልነበረም የሚሠራው» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ። አልነበረም።»

ይህን ስል አንገቴን አልደፋሁም። እሳቸውም እንድደፋ የጠበቁ አይመስለኝም። ሌላ ገመጡ።

«በጾም ምን ትሸጫለሽ? ዓመቱ ግማሹ ጾም ነው።»

«በጾም የጾሙን፣ በፍስክ የፍስኩን። ክረምት ሲገባ ላሞቹ ሁሉ ለምለም ይበላሉ፤ ነጩ ይጠፋል። ያን ጊዜ የለም እላለሁ። የሚፈልግ በጋን ይጠብቃል።»

«ለደንበኛ የለም ይባላል እንዴ?»

«ይባላል። እኔ እለዋለሁ።»

ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ቢሉም ለወንድማቸው ነው እንጂ ለኔ አይደለም። ጋቢያቸው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ በጣታቸው ጫፍ እያነሡ መብላት ጀመሩ። ባለቤቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። እስከዚያች ሰዓት ወንድማማች መሆናቸውን ረስቼው ነበር። ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርሁ።

«ያ ግድግዳ የለካው ሰውዬ ዛሬ ሊደውል ይችላል» አሉ ከኋላዬ።

«ይደውል። ምን ይሉታል?»

ወንበሩ ሲጮኽ፣ ሲነሡ ሰማሁ። «ቤቱ ተይዟል እለዋለሁ» አሉ። ከዚያ፣ «ለልጆቹ ሁለት ጠቅልይልኝ» አሉ። አራት ጠቀለልሁላቸው። ቁልፉ ከባዶው ሳህን አጠገብ እንደተቀመጠ ቀረ።

ለወረታዋ በዚያው ቀን ላክሁላት። «ጨው በቃው» ብላ መለሰችልኝ።

አሁን ክረምት ነው። ሐይቁ ሞልቷል፤ ገበያው በቢጫ ቅቤ ተጥለቅልቋል። በማርጋሪን እሠራለሁ፤ ሰም መሆኑንም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ራሴ ገና አልተቀባም፤ ሙት ዓመቱ አልደረሰም፤ ያን ወግ እጠብቃለሁ፤ ስለምወደው ነው እንጂ ስለሚያዩኝ አይደለም። ደብተሩ ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ «ሌላ አይሆንም» ከሚለው ሥር፣ እሱ እንዳደረገው ብዕሩን ተጭኜ፣ «ነጩ ሆነ» ብዬ ጻፍሁበት። የሱን ቃል አልሰረዝሁም።